ዳንቴል የለበሰው ቲቪ ጌም

ሮተርዳም፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ማሂ፣ ለአክስቴ ልጅ ለፈለቀች ልጅ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ከዚህ ዝናቡ ከማያባራ የወደብ ከተማ ተነሥቶ ጎባ ድረስ ይምጣልኝ። ጤናችሁ፣ ሥራችሁ፣ አዝመራው እንደምን ነው? እኔ በጣም ደኅና ነኝ። ስልክ ባለመደወሌ አትቀየሚኝ። ስልክ ላይ ቃል ይጠፋብኛል፤ ስጽፍ ግን አማርኛዬ ይመለሳል። ከአገር ስወጣ እናትሽ አንቺን አዝላ ነበር። አሁን በታሪክና ቅርስ ጥበቃ መመረቅሽን ከፌስቡክ አየሁ፤ እንኳን ደስ ያለሽ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የምሠራበት ትንሽ ሙዚየም ለግንቦት የቤት ውስጥ ጨዋታ ማሽኖችን ታሪክ የሚያሳይ ዐውደ ርእይ እያዘጋጀ ነው። ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኘው የመጀመሪያው ሳጥን አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የወጣው በፈረንጆቹ 1972 ነው። ድምፅ እንኳ አልነበረውም፤ ቀለሙም ቴሌቪዥኑ ላይ የሚለጠፍ ፕላስቲክ ነበር። ከዚያ ካሴት የሚቀያየርላቸው መጡ። በ1983 የአሜሪካ የጨዋታ ገበያ ወደቀ፣ ያልተሸጠው ካሴት በረሃ ላይ ተቀበረ፣ በዚያው ዓመት ጃፓኖች ቀይና ነጩን ማሽናቸውን አወጡ። ይህ ሁሉ እዚህ በመስታወት ውስጥ ተደርድሯል። የጎደለው የእኛ ነገር ነው። ያንን የጃፓን ማሽን አስመስለው የሠሩት ስም የሌለው ርካሽ ሳጥን ሮቤን የመሰለ ከተማ እንዴት ደረሰ?

የዐውደ ርእዩ አዘጋጅ «አንተ ከዚያ አይደለህም ወይ?» ስትለኝ ሐጂ ዲኖ ትዝ አሉኝ። ሮቤ ላይ ከሱቃቸው ጀርባ ባለችው ክፍል ቲቪ ጌም ያጫውቱን ነበር። ማሽኑ ካለ ፈልጊልኝ፣ ታሪኩንም ጽፈሽ ላኪልኝ። ስምሽ በአጥኚነት ግድግዳ ላይ ይሰፍራል፤ ለመክፈቻውም የግብዣ ደብዳቤ ተልኮልሽ ትመጫለሽ።

እግዚአብሔር የጀመርሽውን ያስጨርስሽ።

ኤልዳድ ባዳሳ


ጎባ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ኤልዳድ፤

ጤናዎ እንደ ሲናና ስንዴ ያማረ ይሁንልኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በስልኬ የደረሰኝን ደብዳቤዎን ያነበብኩት ጮክ ብዬ ለአባትዎ ለአባባ ባዳሳ ነው፤ ዓይናቸው ፊደል መለየት ካቆመ ቆይቷል። ሲያልቅ «ሌላ የለውም?» አሉ። «የለውም» አልኳቸው። «ጥሩ ነው፣ ደኅና ነኝ ብሏል» አሉ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ከተመረቅሁ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ባህል ቢሮ በሄድሁ ቁጥር ቅርስ ማለት የሼክ ሁሴን መቃብር ነው፣ እሱን ያጠና ደግሞ ሞልቷል ይሉኛል። ቲቪ ጌም ቅርስ ነው ብዬ የምጽፍበት፣ ያውም ስሜ ግድግዳ ላይ የሚወጣበት ቀን ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። በማግስቱ ሮቤ ወረድሁ።

ሐጂ ዲኖ ሱቁን ለልጃቸው ለዙቤዳ ለቀው በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ማን እንደላከኝ ስነግራቸው ሳቁ። «ኤልዳድ? ያ ጆይስቲክ ገንጣይ? አካም ጅራ፣ ደኅና ነው?» አሉኝ። ማሽኑን ግን የት እንዳስቀመጡት ረስተውታል። ዙቤዳ ናት መጋዘን አስገብታ ከስንዴ ጆንያ ሥር ያሳየችኝ።

አሁን የሚቀጥለውን ምግብ እየበሉ አያንብቡት። ካርቶኑን ስከፍት የአይጥ ሽንት ሽታው ዓይኔን አቃጠለው። አንዲት አይጥ ካሴቶቹ የተጠቀለሉበትን ጨርቅ አድቅቃ የካሴቱ መክተቻ ውስጥ ጎጆ ሠርታበታለች። ወልዳበታለችም። ፀጉር ያላበቀሉ ልጆቿ እንደ ተላጠ ጣት ይላወሳሉ። ዙቤዳ አፏን ይዛ ወጣች። እኔም መውጣት አማረኝ፣ ግን ቅርስ ነው ብዬ በሁለት ጣቴ ይዤ ወደ ግቢ አወጣሁት። ቤት ወስጄ ብሎኖቹን ስፈታ ደግሞ ሌላ ጉድ፦ የበረሮ ልጣጭ፣ የደረቀ የጫት ቅጠል፣ የቀለጠ ከረሜላ እንደ ሙጫ ያጣበቀው የሰው ፀጉር። በጆይስቲኩ ቁልፎች መሀል የተጋገረው ጥቁር ቅባት የእናንተው የእጅ እድፍ ነው። የእርስዎም ድርሻ ይኖርበታል። እራት አልወረደልኝም።

ታሪኩ ይሄ ነው። ሐጂ በ1986 ዓ.ም. ለሐጅ ሲሄዱ ጅዳ ገበያ ላይ ያዩታል። ሻጩ ካሴት ይገባበታል፣ ከቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል ይላቸዋል። እሳቸውም መንዙማ የሚያሰማ መስሏቸው ገዙት። ሮቤ ሲደርሱ ጎረቤቱን ሰብስበው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ ካሴቱን ከተቱት። ታንክ መጥቶ ግንብ ያፈርስ ጀመር። አንድ ሽማግሌ አስተግፊሩላህ ብለው ጫማቸውን ሳያጠልቁ ወጡ ይላሉ። ለወራት ዓይኑን ማየት ጠልተው ጥለውት ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች አለቃቅሰው አስወጡት። የክፍሉ ሕግ አንድ ነበር፦ የሞተ ይወርዳል፣ ጆይስቲኩን ለባለ ተራው ይሰጣል፤ የሀብታም ልጅ ቢሆንም፣ ክርስቲያን ቢሆን እስላም። ካሴቱ ላይ የተጻፈው የጨዋታ ብዛት የትየለሌ ነው፤ ሲከፍቱት ግን ያው ጥቂቱ ስሙን እየለወጠ ይመጣል። ሐጂ ለዝያራ ሼክ ሁሴን ሲሄዱ ክፍሉን ቆልፈው ስለሚሄዱ ልጆች ቶሎ እንዲመለሱ ዱዓ ያደርጉላቸው ነበር። በኋላ ሲዲ የሚበላው ማሽን ሲመጣ ልጁ ሁሉ ወደዚያ ሄደ፣ ክፍሏም የስንዴ መጋዘን ሆነች።

አሁን የምሥራቹን ልንገርዎ። እናቴና እኔ ማሽኑን በፈሳሽ ሳሙና አጥበን፣ ውስጡን በአልኮል ጠርገን፣ ፀሐይ ላይ አሰጣነው። እንቁላል መሰለ። አባባ ባዳሳ የተቆረጠውን ገመድ በዳበሳ ቀጠሉልኝ። አሮጌው ቴሌቪዥን ላይ ስንሰካው ሠራ። እናቴ ደግሞ እድፋችንን ይዘን ፈረንጅ ፊት አንቀርብም ብላ ልክ እንደ ሬዲዮናችን ጠርዙ ቀይ የሆነ ነጭ ዳንቴል ሠርታ አለበሰችው። ፎቶውን አያይዤዋለሁ። ሐጂ ማሽኑን «ረቢ ሲፍ ሃ ኬኑ፣ አላህ ይስጥህ በዪው» ብለው በነፃ ሰጥተውዎታል።

አባባ ባዳሳ ድምፁን ልስማው፣ አንድ ቀን ይደውል ብለዋል።

አክባሪዎ ማሂ


ሮተርዳም፣ ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ማሂ፤

ሰላምታዬ ከነመላው ቤተሰብሽ ይድረስሽ። መልሴ የዘገየው ምን እንደምጽፍልሽ ጠፍቶኝ ነው። ፎቶውን ለአዘጋጇ አሳየኋት። አየችውና ከሱፐርማርኬት የተገዛ ይመስላል አለች።

ሳሙና? ዳንቴል? አንቺ የቅርስ ምሩቅ አይደለሽም? እኛ የምንፈልገው ማሽኑ ያለፈበትን መከራ ነው። እድፉ ነው ታሪኩ። አይጧም ብትሆን ታሪክ ነበረች፤ አንቺ ግን ጠርገሽ ጣልሽው። የሆነው ሆኗል። ዳንቴሉን አውልቂው። ጆይስቲኮቹን እንዳትነኪያቸው። ካርቶኑ ካልተቃጠለ ፈልጊና መልሰሽ ክተችው።

ሁለተኛ፣ ፎቶ ያስፈልገናል። የጭቃ ግድግዳ ፊት ይሁን፤ ማሽኑ መሬት ላይ ይቀመጥ፤ ዙሪያውን የሰፈር ልጆች በአዘቦት ልብሳቸው፣ ቢቻል ያለ ጫማ። ፈገግ እንዳይሉ። የሐጂ ታሪክ ደስ ይላል፣ ግን ይረዝማል፤ መንዙማውን ማንም እዚህ አይረዳውም። የግብዣ ደብዳቤሽን አዘጋጇ የምትፈርመው ፎቶውን ካየች በኋላ ነው። አደራ።

ኤልዳድ


ጎባ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ኤልዳድ፤

ብርዱ ሳያገኝዎት፣ ሰላምታዬ ያግኝዎት። ደብዳቤዎን እያነበብኩ ሳለ አባባ ባዳሳ «ስለ እኔስ ምን አለ?» አሉኝ። «ሰላም በዪልኝ ብሏል» አልኳቸው። የሌለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ በሚቀጥለው እርስዎ ቢጽፉት ደስ ይለኛል።

ካርቶኑ ተቃጥሏል። የአይጥ ሽንት የጠጣ ካርቶን ቤት አናሳድርም።

ለታሪኩ ማሟያ ብዬ ሮቤ ላይ አሁን ያለ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤትም ገብቼ ነበር። ግማሽ ቀን ተቀመጥሁ። መስኮት የለውም፤ የካልሲ ሽታ፣ የሱፍ ፍሬ ገለባ በምራቅ ተለውሶ ወለሉ ላይ፣ ሶፋው ላይ ምን እንደሆነ ያልጠየቅሁት ርጥበት። ሴት ገባች ብለው ሁሉም ዞረው አዩኝ፣ ከዚያ ወደ ኳሳቸው ተመለሱ። የሞተ ይወርዳል የሚለው ሕግ እዚያ የለም፤ የከፈለ ይቀመጣል። ልብሴን ዘፍዝፌ ነው የጻፍሁልዎት።

ፎቶውን በተመለከተ የሆነውን ልንገርዎ። እዚህ ጎባ ገበያው ጀርባ ቦይ አለ፤ የቄራ ውሃ የሚወርድበት፣ ውሻ እንኳ ዘሎ የሚያልፈው። ግድግዳውም ጭቃ ነው። ለሰፈሩ እናቶች ልጆቻችሁን ለፎቶ እፈልጋለሁ፣ እንዳሉ ይምጡ አልኳቸው። መጡ፤ የእስላሞቹ በዒድ ልብስ፣ የክርስቲያኖቹ ለገና በተገዛው፣ ፀጉራቸው በቅባት አብረቅርቆ። ለፎቶ ተብሎ ማን ልጁን እንዳለ ይልካል? ጫማችሁን አውልቁ አልኳቸው። ታኅሣሥ ነው፣ ጎባ ነው፣ መሬቱ በረዶ ነው። አወለቁ። ጤቤ የምትባል ጎረቤታችን ቆማ ታየኝ ኖሮ መጥታ የልጇን ካልሲ ከእጄ ተቀበለችኝ።

«ማሂ፣ እንዲህ አድርገሽ ለማን ልትልኪው ነው?» አለችኝ። «ዘመድ ነው» አልኳት። «ዘመድ ከሆነማ በጫማው ይየው» ብላ ተንበርክካ አጠለቀችለት።

ያለ ጫማ ያነሣሁትን አጥፍቼዋለሁ። አንስቼው ነበርና ማጥፋቴን ልንገርዎ ብዬ ነው። የላክሁልዎ ልጆቹን ይዤ ሮቤ ወርጄ ያነሣሁትን ሌላውን ነው፦ ልጆቹ በጫማቸው፣ ሐጂ ዲኖ በኮታቸው፣ ማሽኑ ሱቁ ባንኮኒ ላይ። ዳንቴሉን ግን አውልቄያለሁ፤ ያን ያህል ሄጄልዎታለሁ። እናቴ እስካሁን አኩርፋኛለች።

ፓስፖርቴ ወጥቷል። ለመጓዝ ያለኝን ጉጉት ከቃላት በላይ ነው ብዬ ልለፈው፤ ጎባ ውስጥ የማላውቀው መንገድ አልቆብኛል።

አክባሪዎ ማሂ


ሮተርዳም፣ የካቲት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ማሂ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። የምሥራች አለኝ፤ የግብዣ ደብዳቤሽ ተፈርሟል፣ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ወጪሽ ሁሉ የተቻለ ነው። ቃሌን መጠበቄን እናትሽ ትወቅልኝ።

ስለ ፎቶው አትጨነቂ። ያንቺኛው የሠርግ ፎቶ ይመስላል። የሙዚየሙ ሰዎች ሌላ አገር የተነሣ ጥሩ ፎቶ አግኝተዋል፤ ቆሻሻ ክምር ላይ የቆሙ ልጆች ናቸው፣ የት እንደሆነ ማንም አይለየውም።

አሁን የሚቀሩሽ ሁለት ነገሮች ናቸው። ማሽኑን አዲስ አበባ ለሚቀበልሽ መንገደኛ አድርሺ፤ ከዚያ በፊት ግን አካሉን በጥላሸትና በዘይት አሽተሽ አጨልሚው፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ሁለተኛው፣ ከማሽኑ አጠገብ የሚሰቀለውን ጽሑፍ ልኬልሻለሁ፣ በእንግሊዝኛ ነው። ወደ አማርኛ መልሺው፤ ከሥሩ «ትርጉምና ጥናት ማሂ» ተብሎ ይጻፋል። ጽሑፉን ለቤተሰብ አታንብቢው። የሙዚየም አጻጻፍ የራሱ መንገድ አለው፤ ውጭ ላለ ሰው ላይገባው ይችላል።

ኤልዳድ


ጎባ፣ የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ ኤልዳድ፤

ሰላምታዬን አሳጥሬዋለሁ፣ ይቅርታ።

ደብዳቤዎ ሲደርስ ግቢ ውስጥ ነበርን፤ እናቴ፣ አባባ ባዳሳና እኔ። ተያይዞ የመጣውን ነው ቀድሜ የከፈትሁት። ግብዣው ነበር። ስሜ ከነአያቴ ስም በትልቁ ተጽፏል። እናቴ እልል አለች፣ ኩርፊያዋም ያን ጊዜ ለቀቃት። አባባ «ሌላውስ ምንድን ነው? አንብቢው» አሉኝ። ስለ ማሽኑ የሚሰቀል ጽሑፍ ነው አልኩና እንግሊዝኛውን በአፌ እየመለስኩ ማንበብ ጀመርሁ። አታንብቢው የሚለውን ያየሁት በኋላ ነው።

ደስ ብሎኝ ስለነበር ምላሴ ከሐሳቤ ቀድሞ ሄደ። «ኤልዳድ ባዳሳ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በባሌ ተራሮች ተወለደ። በአምስት ዓመቱ እናትና አባቱን ያጣው ይህ ልጅ ከቆሻሻ ክምር በለቀማቸው ቁርጥራጮች ይህን ማሽን በራሱ እጅ...» እዚያ ላይ ቆምሁ። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አየችኝ። አባባ ባዳሳ አንገታቸውን ወደ እኔ አዘንብለው እንደተቀመጡ ነበሩ።

«ድገሚው» አሉኝ።

ደገምሁት። ምን ላድርግ፣ ልዋሽ ብል ድምፄ ያስታውቅ ነበር።

«በስንት ዓመቱ ሞትን ይላል?»

«በአምስት።»

«እናቱስ እሺ፣ ሞታለች፤ የቀበራትም ያደገ ልጅ ሆኖ ነው። እኔ ግን ታዲያ ከትምህርት ቤት ጠፍቶ በስንዴ መኪና ሮቤ ሲወርድ፣ ከዲኖ ቤት ጎትቼ ያወጣሁት ሞቼ ነው?» አሉ። እየሳቁ መስሎኝ ነበር። እርስዎ ጆይስቲክ በነቀሉ ቁጥር ሐጂ የሚልኩት ለእሳቸው እንደነበር፣ በሚሠሩበት የግብርና ቢሮ ግምጃ ቤት ውስጥ ተደብቀው ገመዱን እየበየዱ ይመልሱ እንደነበር ነገሩን። በጥቅምት የቀጠሉት የድሮ ብየዳቸውን ነው፤ ቦታውን ጣታቸው አውቆት ነበር። ያን ጊዜ አልነገሩንም፤ ልጁ ራሱ ይጽፈዋል ብለው ጠብቀው ይሆናል።

ጋሼ፣ ያንን ካርቶን ስከፍት የተሰማኝን ጽፌልዎ ነበር። ያ ምንም አልነበረም። ያቺ አይጥ ማሽኑ ውስጥ የገባችው ልጆቿ እንዳይበርዳቸው ነው። የእርስዎ ጽሑፍ ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጉሮሮዬ ላይ ነው፤ ውሃ ስጠጣ አብሮኝ ይወርዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። አባቱን በቁሙ ቀብሮ፣ ሐጂ ዲኖን ቆሻሻ ክምር አድርጎ፣ የማያውቃቸውን የሰው አገር ልጆች የእኛ ብሎ ሰቅሎ፣ ከሥሩ የእኔን ስም ይጽፍበታል። ጥላሸቱንም እኔው ልቀባ ነው።

ከሁሉ የቀፈፈኝን ልንገርዎ፣ ንጹሕ ነኝ እንዳይሉኝ። አባባ ዝም ባሉባት ሰዓት፣ ገና ድገሚው ሳይሉኝ፣ አውራ ጣቴ ግብዣው ስልኩ ላይ በትክክል መቀመጡን እያየ ነበር። ይሄን ማንም አላየኝም። እጄን ግን ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ታጥቤያለሁ።

ጽሑፉን አልተረጉመውም። ማሽኑን ትናንት ዳንቴሉን አልብሼ ለሐጂ መለስሁላቸው። ለምን እንደተመለሰ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «ከቆሻሻ ክምር?» አሉና ዘወር ብለው ሱቃቸውን፣ መደርደሪያውን፣ ዙቤዳን፣ የተወለወለውን ባንኮኒ አንድ በአንድ አዩት፤ የቱ ጋ እንዳሉ የጠፋቸው ሰው መሰሉ። ከዚያ ስንዴውን አስነሥተው ክፍሏን እንድናጸዳት ፈቀዱልኝ። የጅዳውን ገበያ፣ መንዙማውን፣ ጫማቸውን ሳያጠልቁ የወጡትን ሽማግሌ፣ የሞተ ይወርዳል የሚለውን ሕግ ሁሉ ግድግዳዋ ላይ እጽፈዋለሁ። ሰው ቢመጣም ባይመጣም እጽፈዋለሁ። ገመዱን ማን እንደበየደውም ይጻፋል።

የሙዚየሙ መስታወት ባዶ ይቅር አልልም፤ እሱን እርስዎ ያውቃሉ። እውነቱን ለአዘጋጇ የሚነግሯት ከሆነ ማሽኑ ሮቤ ነው፤ መጥታ ትየው።

ይህን ልልክ ስል አባባ ባዳሳ አንድ ነገር ጨምሪልኝ አሉኝ። የሚቆጡ መስሎኝ ስልኩን ሳይሆን ልቤን ነበር የያዝሁት። እንዲህ ነው ያሉት፦

«መሞቴን ሲነግራቸው እዚያ ሰው ለቅሶ ደርሶታል? ወይስ ብቻውን ነው የተቀመጠው? ጠይቂልኝ።»

ጠይቄያለሁ። መልሱን ግን እኔ አላነብላቸውም። ስልካቸው እጃቸው ላይ ነው፤ ቁጥሩም ያው ነው።

ማሂ